«ባለቤቴ የዳንኤል ቡን ዘር ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?»

ሌላውም አንባቢ እንዲከታተል ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ባለቤትሽ የሚዙሪ ልጅ ነው። የቤተሰቡ ስም ቡን ነው። አማትሽ «እኛ የዳንኤል ቡን ዘር ነን፤ የምንወለደውም ከልጁ ከእስራኤል ነው» ይላሉ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሽው የቤተሰብ ዛፍም ይህንኑ ይላል፤ እንዲያውም ከዳንኤል አልፎ እንግሊዝ አገር መሳፍንት ቤት ይገባል። ልጅሽ ደግሞ ለትምህርት ቤት የዘር ሐረግ ሠርተሽ አምጪ ተብላለች። ባንቺ በኩል አባትሽ በስልክ ሰባት ቤት ቆጥረው ጨርሰውላታል። በአባቷ በኩል ምን ትጻፍ?

እህቴ፣ በዳንኤል ልጅ በእስራኤል በኩል ሊሆን አይችልም። ያ ልጅ ሳያገባ ሳይወልድ ነው የሞተው። ግን አማትሽ ዝም ብለው አልፈጠሩትም፤ ከእስራኤል ቡን መወለዳቸው እውነት ሊሆን ይችላል። የትኛው እስራኤል የሚለው ላይ ነው ነገሩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየውን ለማያውቁት፦ ዳንኤል ቡን ከአፓላቺያን ተራሮች ማዶ ወደ ኬንታኪ ነጭ ሰፋሪ ካሻገሩት ሰዎች ስሙ ከሁሉም በላይ የገነነው ነው። በ1775 ሪቻርድ ሄንደርሰን ለሚባል ባለሀብት የመሬት ኩባንያ ተቀጥሮ፣ ሠላሳ ያህል መጥረቢያ የያዙ ሰዎች አስከትሎ በከምበርላንድ ጋፕ በኩል መንገድ አወጣ። ቡንስቦሮ የሚባለውንም ምሽግ ቆረቆረ። ማዶ ያለው አገር ግን ባዶ አልነበረም። ሾኒዎችና ቼሮኪዎች የሚባሉ ነባር ሕዝቦች የሚያድኑበት መሬት ነው፤ ከዚህ በታች የምትሰሚው ግድያ ሁሉ መነሻው እሱ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ። ዳንኤል በ1756 ሬቤካ ብራያንን አገባ። አሥር ልጆች ወለዱ፤ ስድስት ወንድ፣ አራት ሴት። ወንዶቹን አንድ በአንድ ቁጠሪልኝ።

የበኩር ልጁ ጄምስ ነው። በ1773 ዳንኤል ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኬንታኪ ለመግባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክር፣ ጄምስ ስንቅና ከብት ይዞ ከኋላ ከሚመጡት ጋር ነበር። ሌሊት ተከበቡ። ከገዳዮቹ አንዱ ልጁ በስም የሚያውቀው፣ ቤታቸው ይመጣ የነበረ ሰው ነው። አዳም የሚባል በባርነት የተያዘ ሰው ወንዙ ዳር ተደብቆ ሁሉንም አይቷል። ታሪኩም የደረሰን በእሱ አፍ ነው። ሬቤካ ልጇ የሚገነዝበት አንሶላ ላከች። ጄምስ 16 ዓመቱ ነበር።

ሁለተኛው እስራኤል ነው፤ የአማትሽ እስራኤል። ነሐሴ 19 ቀን 1782 ብሉ ሊክስ ላይ በተደረገው ውጊያ ሞተ። የአሜሪካ አብዮት ጦርነት ዮርክታውን ላይ አለቀ ከተባለ አሥር ወር ሆኖታል፤ ጠረፉ ላይ ግን ማን ሰምቶ! ዳንኤል ወደፊት አንሂድ፣ ወጥመድ ነው ብሎ ነበር፤ አልሰሙትም። ሽሽቱ ሲጀመር ጋላቢው የወደቀ ፈረስ ይዞ ለልጁ ሰጠውና «ሂድ» አለው። እስራኤል አባቴን ትቼ አልሄድም ብሎ ቆመ። እዚያው አንገቱን ተመታ። 23 ዓመቱ ነበር። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው።

ዊሊያም የሚባለው በ1775 ተወልዶ በጨቅላነቱ አለፈ።

ስለዚህ ስንት ወንድ ቀረ? ሦስት፦ ዳንኤል ሞርጋን፣ ጄሲ ብራያንና ናታን። ይህቺን ቁጥር ያዢልኝ። እንደ ባለቤትሽ ቡን የሚለውን ስም ከአባት ወደ ልጅ እየተቀበለ የመጣ ሰው ከዳንኤል እወለዳለሁ ካለ፣ የግድ ከእነዚህ ከሦስቱ የአንዱ ዘር መሆን አለበት። ሌላ በር የለም። የዳንኤል ወንድሞች ግን ስድስት ናቸው፤ እስራኤል፣ ሳሙኤል፣ ጆናታን፣ ጆርጅ፣ ኤድዋርድና ስኳየር። ከነሱ ሌላ ፔንሲልቬኒያ የቀሩ አጎቶች አሉ። ቡን የሚባል ሰው ሁሉ ግን ከዳንኤል ነኝ ይላል። ከአንዱ ወንድሙ መወለድ ለወሬ አይመችማ!

አሁን የመጀመሪያውን ስም ልብ አልሽው? የዳንኤል ታላቅ ወንድምም እስራኤል ይባላል። በ1726 ተወለደ፤ በ1756 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ያው ዳንኤል ያገባበት ዓመት ነው። ጄሲና ጆናታን የሚባሉ ሁለት ወንዶች ልጆቹን ዳንኤልና ሬቤካ ወስደው አሳደጓቸው። አዲስ ሙሽሮች ናቸው፤ የራሳቸው ልጅ ገና የለም፤ ጎጆው ውስጥ ግን ቀድመው ሁለት ልጆች ገቡ። ኋላም ሬቤካ ሚስቱ የሞተችበትን የወንድሟን ስድስት ልጆች ጨምራ አሳድጋለች።

እንግዲህ አስቢው። «የእስራኤል ቡን ልጅ ነኝ፣ ዳንኤል ቡን ቤት ነው ያደግኩት» የሚል ሰው ነበር ማለት ነው፤ ውሸትም የለበትም። ይህን የሰማ የልጅ ልጅ ደግሞ «አያቴ ዳንኤል ቡን ቤት አደገ» ይላል። የልጅ ልጁ ልጅ ጋ ሲደርስ «ከዳንኤል ቡን ልጅ ከእስራኤል ነን» ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ በሰነድ እስኪጣራ እንደ ግምት ያዢው። ግን እኔ ብሆን ፍለጋውን የምጀምረው ከዚያ ነው። እኛስ አገር ያሳደገ አጎት በስንት ሰው የአባት ስም ገብቶ ቀርቷል?

ስለ ስሞቹ መደጋገም ካነሳን፣ እኔም ተሸውጃለሁ። የዘር ሐረግ ፍለጋ ሥራዬን በጀመርኩበት ሰሞን ለአንድ ቤተሰብ አንድ ዳንኤል ቡን ተከትዬ ከግብር መዝገብ ወደ ግብር መዝገብ ሦስት ሳምንት ዞርኩ። መጨረሻ ላይ የወንድሙ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ገንዘባቸውን መለስኩላቸው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ዳንኤል፣ ስኳየር፣ ጆርጅና እስራኤል በየጎጆው አሉ። ስም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ስም፣ አውራጃ፣ ሚስት፣ ጎረቤት፤ አራቱ አብረው ሲገጥሙ ነው ሰውየው ተገኘ የሚባለው።

የሴቶቹን ነገር ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም እውነተኛው የዳንኤል ዘር በብዛት ያለው ቡን በማይባሉ ሰዎች ዘንድ ነው። ሱዛና ሄይስ ቤት ገባች። ሌቪና ሾል ቤት፣ ትንሿ ሬቤካ ጎ ቤት። ጀማይማ ደግሞ ካላዌይ ቤት። የጀማይማን ታሪክ ልጅሽ ትወደዋለች። ሐምሌ 14 ቀን 1776፣ እሑድ ከሰዓት፣ 13 ዓመቷ ነው። ከሁለት የካላዌይ ልጆች ጋር በታንኳ ኬንታኪ ወንዝ ላይ ወጡ። ታንኳዋ ወደ ማዶ ስትጠጋ ሾኒና ቼሮኪ የሆኑ አምስት ሰዎች ዘለው ያዟት። ልጃገረዶቹ ግን ሞኝ አይደሉም፤ ቅርንጫፍ ይሰብራሉ፣ ተረከዛቸውን ጭቃ ውስጥ ይተክላሉ፣ ጀማይማ ፈረስ ላይ ባስቀመጧት ቁጥር ትወድቃለች። ጊዜ መግዛታቸው ነው። ዳንኤል ጩኸቱን ሲሰማ ከሰንበት እንቅልፉ ተነስቶ በባዶ እግሩ ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ደረሱባቸውና ሦስቱንም በሕይወት መለሷቸው። ከአሳዳጆቹ አንዱ ፍላንደርስ ካላዌይ ነበር፤ በዓመቱ ጀማይማን አገባት።

ስለ ጀማይማ አንድ ሐሜትም አለ። ዳንኤል ለረጅም ጊዜ አደን ወጥቶ ሳለ የተረገዘች ናት፣ አባቷ ወንድሙ ኤድዋርድ ነው የሚል። ተመልሶ ሲያገኛት «ያው ከቤት አልወጣ» ብሎ ተቀበላት ይባላል። ታሪኩ ሰው በተቀያየረ ቁጥር ይቀያየራል። ላይመን ድሬፐር የሚባል የታሪክ ሰብሳቢ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሽማግሌዎች አፍ ብዙ ነገር ለቅሞ ጽፏል። በ1851 ናታንንና ሚስቱን ኦሊቭን ቤታቸው ሄዶ ቃላቸውን ተቀብሏል። ወረቀቱ ዛሬ ዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ከተማ ይገኛል። ሐሜቱም ከዚያ ክምር ውስጥ አለ። ልጅሽ ይህን አትጻፈው እንጂ አንቺ እወቂው፤ ምክንያቱም ቀጥሎ ወደምለው የዲ.ኤን.ኤ. ነገር ይወስደናል።

«ምራቅ ልከን ብናስመረምርስ?» ብለሻል። ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ስሚኝ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው የዋይ ምርመራ ባለቤትሽ ከዚህ የቡን ቤት መሆን አለመሆኑን ይነግርሻል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቡን የሚባሉ ፈጽሞ የማይዛመዱ ቤተሰቦች ሞልተዋል። ግን ዳንኤልንና ወንድሞቹን አይለይም። ሰባቱም ከአንድ አባት የወረሱት ያው አንድ ነገር ነው። እስራኤል ይሁን ዳንኤል፣ ዋዩ ዝም ይላል።

ሌላው፣ ሁሉም ሰው የሚያደርገው የተለመደው ምርመራ ነው። ከባለቤትሽ እስከ ዳንኤል ስምንት ትውልድ ያህል ቢሆን፣ በዚያ ደረጃ የቅድመ አያት ቦታ 256 ነው። ከአንዱ የሚደርሰው ድርሻ በአማካይ ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ጭራሽ ላይደርስም ይችላል። በዚያ ላይ ቡኖችና ብራያኖች እርስ በርስ ተጋብተው ተጋብተው ተተብትበዋል። ዳንኤል ሬቤካን ሲያገባ ኤድዋርድ እህቷን ማርታን አገባ። የዳንኤል እህት ሜሪ ደግሞ የሬቤካን አጎት። ስለዚህ የዳንኤል ልጆችና የኤድዋርድ ልጆች በአባትም በእናትም አንድ ናቸው፤ በምርመራ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾችን ያህል ይቀራረባሉ። የጀማይማ ሐሜት በዲ.ኤን.ኤ. እንዲህ በቀላሉ የማይፈታውም ለዚህ ነው። ምስኪኑ ኤድዋርድ ራሱ መልኩ ዳንኤልን ይመስል ነበር ይባላል፤ በ1780 ሾኒዎች ሲገድሉት ዳንኤልን የገደሉ መስሏቸው ነበር የሚል ወሬም አለ።

አማትሽ «ትንሽ የሕንድ ደም አለብን» የሚሉትን ደግሞ ከዳንኤል አታያይዙት። በ1778 ሾኒዎች ማርከውት ብላክፊሽ የሚባለው አለቃቸው በልጅነት ተቀበለው። ሼልቶዊ፣ ማለትም ትልቁ ኤሊ ብለው ስም አወጡለት። ይሄ እኛ የጡት ልጅ እንደምንለው ነው። ዝምድና ነው፣ ደም ግን አይደለም። ወራት ቆይቶ ሸሽቶ ሲመጣ ሬቤካ ሞቷል ብላ ልጆቿን ይዛ ወደ ሰሜን ካሮላይና ተመልሳ ነበር። ምሽጉ ውስጥ ከቤተሰቡ የጠበቀችው ያቺው ጀማይማ ናት።

አሁን ወደ ላይኛው የዛፉ ጫፍ። መሳፍንቱ ደ ቦሁን የሚባሉት ናቸው አይደል? ገምቼ ነው፤ ሁልጊዜ እነሱ ናቸው። ቦሁንና ቡን ስለሚቀራረቡ አንዱ በሌላው ላይ ተለጠፈ፤ መሀል ያሉት ትውልዶች ግን ሰነድ የላቸውም። ሰነድ ያለው የዳንኤል አያት ጆርጅ ቡን ነው። እንግሊዝ አገር፣ ዴቨን ውስጥ ብራድኒንች በምትባል ቦታ ይኖር የነበረ ሸማኔ! የጆርጅ አባት ደግሞ ብረት ቀጥቃጭ። የዳንኤል አባት ስኳየርም ሁለቱንም ሙያ ይሠራ ነበር። (ስኳየር እዚህ ስም ነው፤ ማዕረግ አይደለም። ብዙ ሰው «መኳንንት ነበሩ» የሚለው ይህን ሲያይ ነው።) የኛ ሰው ዘር ሲቆጥርስ ቀጥቃጭ ወይም ሸማኔ የሚል ቃል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሁሉም ደጃዝማች ነው። ፈረንጁም ያው ነው።

ጆርጅ መጀመሪያ ሦስት ልጆቹን አገሩን አይታችሁ ንገሩኝ ብሎ ላከ። በ1717 ራሱ የቀሩትን ይዞ ወደ ፔንሲልቬኒያ ተሻገረ። ክዌከሮች ነበሩ፤ ቄስ የሌላቸው፣ የማይምሉ፣ ጦርነት የማይወዱ ክርስቲያኖች። ለእኛ ሙያ ክዌከር ማለት ሲሳይ ነው፤ ቃለ ጉባኤያቸውን እንደ ዓይን ብሌን ነው የያዙት። ስኳየርና ሣራ ሞርጋን በ1720 መጋባታቸው እዚያ አለ። በ1742 ትልቋ ልጃቸው ሣራ ከእምነቱ ውጭ የሆነ ሰው ማግባቷ፣ ስታገባም ማርገዟ፣ አባትየው ጉባኤው ፊት ጥፋቴ ነው ማለቱ፣ እሱም አለ። ቀጥሎ ያው ታላቁ እስራኤል ከእምነቱ ውጭ አገባ። በዚህኛው ጊዜ ስኳየር ይቅርታ አልጠይቅም አለ፤ በ1748 አስወጡት። ከሁለት ዓመት በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደቡብ፣ ወደ ያድኪን ወንዝ ተነሳ። ምክንያቱ መሬትም ነበር፣ ግን እኔን ብትጠይቂኝ ኩርፊያውም አለበት። ያ ኩርፊያ ባይኖር ዳንኤል ሬቤካንም ባላገኛት ነበር፤ ብራያኖች ያድኪን ነበሩ።

ለልደት ቀን ተጠንቀቂ። የዳንኤል ልደት አንዱ ቦታ ጥቅምት 22፣ ሌላው ኅዳር 2 ቀን 1734 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እንግሊዞችና ቅኝ ግዛቶቻቸው ካሌንደር የቀየሩት በ1752 ነው፤ 11 ቀን ዘለሉ። ክዌከሮች ደግሞ የወር ስም አይጽፉም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ከ1752 በፊት አንደኛ ወር የሚሉት መጋቢትን ስለሆነ ስምንተኛ ወር ካሉ ጥቅምት ነው፤ ነሐሴ ብለሽ እንዳታነቢው። በሁለት ካሌንደር ለኖረች ላንቺ ይሄ ምን ይከብድሻል! በኛ ስቆጥረው ጥቅምት 25 ቀን 1727 ዓ.ም. ይመጣል፤ ልጅሽ ሁለቱንም ብትጽፍ ደስ ይላል።

አሁን ሥራው። ከዳንኤል ወደ ታች አትውረጂ። ከባለቤትሽ ወደ ላይ ውጪ። አማትሽ ጋ የልደትና የጋብቻ ወረቀት ይኖራል፤ ከእሳቸው እስከ አያታቸው በእሱ ይሄዳል። ከዚያ የሕዝብ ቆጠራ። የ1880ው ቆጠራ እያንዳንዱ ሰው ለአባወራው ምኑ እንደሆነ ይናገራል። የ1850ው ነጻ ሰዎችን ሁሉ በየስማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈው ነው፤ ዕድሜና የተወለዱበት ስቴት አለው። ከዚያ በፊት ያሉት የሚጽፉት የአባወራውን ስም ብቻ ነው፤ ሌላው ቁጥር ነው። የኬንታኪ የ1790 እና የ1800፣ የሚዙሪ የ1810 እና የ1820 ቆጠራ ደግሞ ጠፍቷል። እዚያ ክፍተት ላይ ነው ዛፎቹ ሁሉ የሚዋሹት። ክፍተቱ የሚሞላው በግብር መዝገብ፣ በኑዛዜና በመሬት ውል ነው፤ እነዚህ በየአውራጃው ፍርድ ቤት ይገኛሉ፣ ብዙዎቹም ኢንተርኔት ላይ በነጻ አሉ።

የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ካለ፣ ከፊት ለፊት የታተመበትን ዓመት እዪ። በ1870 የታተመ መጽሐፍ ውስጥ የ1790 ልደት ተጽፎ ካገኘሽ፣ በዕለቱ የተጻፈ አይደለም፤ ሰው አስታውሶ ኋላ ያሰፈረው ነው። ዳዊት ላይ እንደሚጻፈው ልደት ነው፤ ቀለሙንና እጁን አይተሽ ነው የምታምኚው። ሁሉም ስም በአንድ እጅና በአንድ ቀለም ከሆነ ጠርጥሪ።

አንድ ነገር አማትሽን ሳታስቀይሚ እወቂ። ዳንኤል በ1787 ሰባት ሰዎችን በባርነት ይዞ ነበር። ቡን የሚል ስም የያዙ ጥቁር ቤተሰቦችም አሉ። ፍለጋው ወደዚያ ቢወስድሽ የ1850ው የባሪያዎች መዝገብ የሚጽፈው የባለቤቱን ስም ብቻ ነው፤ የተያዙት ሰዎች ዕድሜና ፆታ እንጂ ስም የላቸውም። ያ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል፤ ከደረስሽ ጻፊልኝ።

ለትምህርት ቤቱ እንዲህ አድርጊ። በሰነድ የያዝሽውን በእስክሪብቶ ትጻፈው። ከዚያ በላይ ያለውን በእርሳስ። እስራኤል ጋ ስትደርሱ «የዳንኤል ወንድም ይሆን?» ብላ ጥያቄ ምልክት ታድርግበት። አስተማሪዋ ቅር ካላት ወደ እኔ ላኪያት።

እና ሚዙሪ ለአማትሽ ጥየቃ ስትሄዱ ናታን ቤት ጎራ በሉ። ዲፋያንስ አጠገብ ያለው የድንጋይ ቤት ነው፤ እስካሁን ቆሞ ይጎበኛል። ዳንኤል የኬንታኪ መሬቱን በሙሉ በሙግትና በዕዳ አጥቶ በ1799 ገና የእስፓኝ ግዛት ወደነበረው ሚዙሪ መጣ። መስከረም 26 ቀን 1820 የሞተው እዚያ ቤት ነው። የተቀበረው ግን ማርታስቪል አጠገብ ነው፤ ከእሱ ሰባት ዓመት ቀድማ ካረፈችው ከሬቤካ ጎን። በ1845 ኬንታኪዎች መጥተው የሁለቱንም አጽም ቆፍረው ኬንታኪ ውስጥ ወዳለችው ፍራንክፈርት ከተማ ወሰዱ። ሚዙሪዎች እስከ ዛሬ «የወሰዳችሁት የሌላ ሰው ነው» ይሏቸዋል። አማትሽ የሚዙሪ ሰው ስለሆኑ፣ እሳቸው ፊት ፍራንክፈርትን አታንሺ።